ለፕሮስቴት ሁለት ክኒን ሲታዘዝ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አባት ለሽንታቸው ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ሴት ልጃቸው አብራ ትገባለች። ሐኪሙ "ሌላ የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?" ይላል። አባት ልጃቸውን ሰረቅ አድርገው ያዩና "አይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ልጅዎ አምስት ደቂቃ ውጭ ትጠብቅዎት። ለፕሮስቴት ዕጢ ማደግ የሚታዘዙት ጥምር መድኃኒቶች ሽንቱን ያግዛሉ፤ በደንብ የሚለያዩት አልጋ ላይ፣ ማለትም በወሲብ ላይ በሚያመጡት ለውጥ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ሁለቱን ክኒን እንደ አንድ መቁጠር ነው። የተለመደው ጥምረት ታምሱሎሲን ከፊናስተራይድ ወይም ከዱታስተራይድ ጋር ነው። ታምሱሎሲን የፊኛውን አንገት ጡንቻ ያላላል፤ ለውጡ በቀናት ውስጥ ይታያል። ሌላው ዕጢውን ራሱን ያሳንሳል፤ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል። በሦስተኛው ሳምንት "አልሠራልኝም" ብሎ መተው ገንዘብ መጣል ነው። ዕጢው ብዙ ካላደገ ግን ሁለተኛው ክኒን ያን ያህል አይጠቅምም። ስለዚህ በአልትራሳውንድ መጠኑ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ።

ሦስተኛው "ዕድሜ ነው" ብሎ ማለፍ ነው። ታምሱሎሲን የሚወስድ ሰው እርካታው ሳይጓደል የዘር ፈሳሹ ሊያንስ፣ ጭራሽም ላይወጣ ይችላል። ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም፤ ልጅ ለሚፈልግ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። ፊናስተራይድና ዱታስተራይድ ደግሞ የወሲብ ፍላጎትን ሊቀንሱ፣ ስንፈተ ወሲብም ሊያመጡ ይችላሉ። ሁለቱ ሲደመሩ የዘር ፈሳሹ ችግር ይብሳል። ባል ዝም ይላል፣ ሚስት ሌላ ነገር ትጠረጥራለች። ጥፋቱ ግን የክኒኑ ነው፤ ሐኪሙ ሊቀይረው ይችላል።

ታዳላፊልስ? በየቀኑ 5 ሚሊግራም ሲወሰድ ለሽንቱም ለስንፈተ ወሲቡም ይረዳል። አሜሪካ ለፕሮስቴት ምልክቶች የፈቀደችው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከፊናስተራይድ ጋር ማጣመርም አለ። ችግሩ ከጓደኛ ሰምቶ፣ ከፋርማሲ ገዝቶ በራስ መጨመሩ ላይ ነው። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፈጽሞ አይነካውም፤ የደም ግፊቱ በአንዴ ሊወርድ ይችላል። ከታምሱሎሲን ጋርም ቢሆን ሌሊት ለሽንት ብድግ ሲሉ ሊያዞርዎት ይችላል። አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ቁጭ ብለው ይነሱ።

የመጨረሻው ስህተት የፒኤስኤን (የፕሮስቴት ካንሰር ጥርጣሬ መኖሩን ለማየት የሚሠራ የደም ምርመራ) ቁጥር እንዳለ መቀበል ነው። ፊናስተራይድም ዱታስተራይድም ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ቁጥሩን በግማሽ ያህል ያወርዱታል። ወረቀቱ ላይ 2 ያለው እውነቱ 4 ሊሆን ይችላል። አዲስ ሐኪም ጋ ሲሄዱ የክኒኑን ፓኬት ኪስዎ ውስጥ ይያዙ።