ስልክ ቁጥር ስንቆጥር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ማርቆስ ላይ ተማሪዎችን ሒሳብ ሳስጠና ሁሌም የማነሣው ጥያቄ አለ። አጎታችሁ ከደጀን መጥቶ ስልኩን ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጣችሁ። መንገድ ላይ ዝናብ መታችሁና የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ጠፉ። ቢበዛ ስንት ቁጥር ትሞክራላችሁ?

ብዙዎቹ «ሃያ» ይላሉ። አሥርና አሥር ደምረው ነው። የመጀመሪያው ስህተት ይኼ ነው። አንዱ አሃዝ 0 ሲሆን ሌላው አሥር ዓይነት ይሆናል፤ 1 ሲሆንም ሌላ አሥር። ስለዚህ ይባዛል፦ 10 × 10 = 100። ካላመናችሁ ከ00 እስከ 99 ጻፏቸው።

ሁለተኛው የማይለወጠውን መቁጠር ነው። በ09 የሚጀምር የሞባይል ቁጥር አሥር አሃዝ ቢኖረውም 0 እና 9 ምርጫ የላቸውም። የሚለዋወጡት ስምንቱ ናቸው፤ 100 ሚሊዮን ይመጣል። ይህ ሊኖር የሚችለው እንጂ የተሸጠው ሲም ብዛት አይደለም። የእኛ አካባቢ የቤት ስልክም በ058 ጀምሮ ሰባት አሃዝ ያስከትላል፤ 10 ሚሊዮን ማለት ነው።

«ፐርሙቴሽን ነው» (አሃዝ ሳይደገም መደርደር) ብሎ ለስምንቱ አሃዞች 10 × 9 × 8 እያሉ እስከ 3 መውረድም አለ። 1,814,400 ይሰጣል። ግን ስልክ ላይ 22 ወይም 555 መደጋገሙ ያለ ነው፤ ማን ከለከለው?

«ወይም» ሲመጣ ደግሞ ይደመራል። ከደጀን ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው በማርቆስ ወይም በሞጣ ይሄዳል፤ በአንዴ በሁለቱም አይሄድም። በ09 ወይም በ07 የሚጀምሩትም እንዲሁ 200 ሚሊዮን ናቸው።

ጎበዞቹንም የሚጥለው የመጨረሻው ነው። አሁን የጠፉት ሦስት አሃዞች ናቸው እንበል፤ ቢያንስ አንድ 7 እንደነበረባቸው ግን ታስታውሳላችሁ። ተማሪው እንዲህ ያስባል፦ ለ7 ሦስት ቦታ አለ፣ የቀሩት ሁለቱ 100 ዓይነት ይሆናሉ፣ ስለዚህ 300። ያምራል፤ ግን ልክ አይደለም። 774ን ተመልከቱ። አንዴ በፊተኛው 7፣ አንዴ በመካከለኛው ተቆጥሯል። በተቃራኒው መሄድ ይሻላል። ጠቅላላው 1,000 ነው። 7 የሌለባቸው 9 × 9 × 9 = 729። የቀረው 271 ነው።

29ኙ ትርፍ ከየት መጣ? ሁለት 7 ያለባቸው 27 ቁጥሮች እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ በትርፍ ተቆጠሩ። 777 ብቻውን ሁለቴ። 27 እና 2፣ 29።