ዋጋው ጨመረ ወይስ ልኩ አነሰ? የቤት አስቤዛን በደብተርና በሚዛን የመከታተያ መንገድ

በቤታችን የዱቄት ወተት የምንገለብጥበት አንድ የቆየ ቆርቆሮ አለ። አዲስ እሽግ በተገዛ ቁጥር ዱቄቱ ከቆርቆሮው አፍ ጋር እኩል ስለሚሆን፣ ክዳኑን ለመግጠም በማንኪያ ጀርባ ጠቅጠቅ ማድረግ የተለመደ ነበር። አንድ ቀን ግን ዱቄቱ ከአፉ ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ቀረ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ልጆቹን ነው። የእሽጉን ወረቀት ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥቼ ሳየው ቀለሙም፣ ቁመቱም፣ ሥዕሉም ያው ሆኖ፣ ከጀርባው በስተግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የተጣራ ክብደት ብቻ ከ400 ግራም ወደ 360 ወርዷል። ዋጋው በዚያ ወር አልጨመረም ብለን ደስ ብሎን ነበር፤ ነገር ግን በተመሳሳይ ብር 10 በመቶ ያነሰ ወተት ገዝተናል፣ ይህም ማለት እያንዳንዱ ግራም 11 በመቶ ያህል ተወዶብናል።

አብዛኛው ሰው ስለ ኑሮ ውድነት ሲነጋገር የሚያስታውሰው ብሩን ነው። «ያኔ ይህን ያህል ነበር፣ ዛሬ ይህን ያህል ገባ» ይላል። ያኔ በተከፈለው ብር ስንት ግራም፣ ስንት ሊትር ወይም ስንት ፍሬ እንደተገኘ የሚያስታውስ ግን እምብዛም የለም፤ ሻጩም አምራቹም ይህንን ያውቃሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር በሙሉ የሚያርፈው በአንድ ልማድ ላይ ነው፤ ዋጋን ከልኩ ነጥሎ አለመመዝገብ።

የሚከታተሏቸውን ዕቃዎች ይምረጡ

ወደ ቤት የሚገባውን ሁሉ ለመመዝገብ የሚነሣ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቻል። በየወሩ ያለማቋረጥ የሚገዙትን ከ10 እስከ 15 የሚደርሱ ዕቃዎች ብቻ ይምረጡ። በአዲስ አበባ በሚኖር መካከለኛ ቤተሰብ ዘንድ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ጤፍ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሽንኩርት፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ወተት፣ የገላና የልብስ ሳሙና፣ ሶፍት፣ ሕፃን ካለም ዳይፐር ናቸው። ከእነዚህ መካከል ከውጭ የሚገቡትን ወይም ጥሬ ዕቃቸው ከውጭ የሚመጣውን ከአገር ውስጥ ምርቶች ለይቶ በሌላ ገጽ መጻፍ ይጠቅማል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉ ይታወሳል። የዘይትና የዳይፐር ዋጋ እንዲህ ያለውን ለውጥ ሲከተል፣ ሽንኩርትና ጤፍ ግን በይበልጥ የሚከተሉት ምርት የሚሰበሰብበትን ወቅትና የማጓጓዣ ወጪን ነው። ሁለቱ በአንድ ገጽ ከተቀላቀሉ የጭማሪውን ምክንያት መለየት ያስቸግራል።

ደብተሩን ያዘጋጁ

ለእያንዳንዱ ዕቃ ስድስት ነገሮችን ይጻፉ፤ የተገዛበትን ቀን፣ የተገዛበትን ቦታ፣ የዕቃውን መለያ ስም፣ በእሽጉ ላይ የተጻፈውን የተጣራ ክብደት ወይም ብዛት፣ የተከፈለውን ብር፣ እንዲሁም በኪሎ ወይም በሊትር ሲሰላ የሚወጣውን ዋጋ። ከሰፈር ሱቅ በዱቤ የሚገዛ ቤተሰብ ከሆነ ግማሹ ሥራ ተሠርቶለታል ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ባለሱቁ የዱቤ ደብተር ላይ ቀኑንና ብሩን ጽፎ ያስቀምጣል። የጎደለው ክብደቱ ብቻ ነው። ሒሳብ በሚዘጋበት ቀን የደብተሩን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ማስቀረት የብዙ ወራት መረጃ ይሰጣል።

ከዚህ ጋር የእያንዳንዱን ዕቃ አንድ ባዶ መጠቅለያ ሳይጥሉ አጣጥፈው በፖስታ ያስቀምጡ። አዲሱን ከአሮጌው ጎን ለጎን ማየት የማስታወስ ችሎታን የሚተካ ማስረጃ ነው፤ ቆሻሻ ማጠራቀም ነው የሚል የቤተሰብ አባል ቢኖር ለአንድ ዓመት ታግሶ እንዲያይ ይጠይቁት።

በኪሎ የሚወጣውን ዋጋ ያስሉ

ስሌቱ ቀላል ነው። የተከፈለውን ብር ለግራሙ ያካፍሉና በ1000 ያባዙ። ለምሳሌ ያህል 500 ግራም ፓስታ በ80 ብር ይሸጥ ነበር እንበል፤ ይህም በኪሎ 160 ብር ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ፓስታ በ75 ብር ተለጥፎ ቢያዩ ቅናሽ ይመስላል። እሽጉ ላይ የተጻፈው 400 ግራም ከሆነ ግን በኪሎ 187 ብር ከ50 ሳንቲም ወጥቷል። የ5 ብር ቅናሽ የመሰለው ነገር በኪሎ የ17 በመቶ ጭማሪ ነው።

አእምሮ በቀላሉ የሚሳሳትበት ሌላም ነገር አለ። ዋጋው ሳይነካ ክብደቱ ከ500 ወደ 400 ግራም ሲወርድ፣ የ20 በመቶ ቅናሽ ስለሆነ ጭማሪውም 20 በመቶ ይመስላል። ትክክለኛው ጭማሪ ግን 25 በመቶ ነው፣ ምክንያቱም ቀድሞ አራት እሽግ ይበቃው የነበረ ቤት አሁን አምስት መግዛት አለበት። የተቀነሰው በጨመረ ቁጥር ይህ ልዩነት እየሰፋ ይሄዳል።

ትልቁ እሽግ ሁልጊዜ ይረክሳል የሚለውንም እምነት በዚሁ ስሌት ይፈትሹት። የዱቄት ሳሙና በትንንሽ ፓኬት ሲገዛ በግራም የሚወደድበት ጊዜ ይበዛል፤ ይሁን እንጂ ባለሱቁ ትንንሾቹን በአሮጌው ዋጋ ገዝቶ ትልቁን በአዲሱ ካስገባ ነገሩ ይገለበጣል።

እሽግ የሌላቸውን ዕቃዎች ይመዝኑ

ጽሑፉ የሚነበብ ዕቃ ቀላሉ ነው። አስቸጋሪዎቹ ጉልት ላይ የሚሸጡት የመደብ አትክልቶች፣ ዳቦና እንጀራ ናቸው። በመደብ የሚሸጥ ድንች ወይም ቲማቲም ዋጋው ለረጅም ጊዜ በአንድ ድፍን ብር ይቆምና የሚለወጠው የፍሬው ብዛትና ውፍረት ነው። በእኔ አስተያየት ግን የጉልት ነጋዴዋን ከፋብሪካው ጋር ማመሳሰል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እርሷ አምስት የነበረውን ድንች አራት ስታደርግ መደቡ ፊት ለፊትዎ ነው፤ ቆጥረው ሊከራከሩ፣ ምርቃት ሊጠይቁ፣ ትተው ወደ ቀጣይዋ ሊያልፉ ይችላሉ። ያም ሆኖ ለደብተሩ ሲባል መደቡን ቤት ወስደው መዝነው በኪሎ ማስላት ያስፈልጋል። ከመደብ በኪሎ መግዛት የሚረክስበት ቀን እንዳለ ሁሉ፣ ገበያው ሊበተን ሲል ደግሞ መደቡ ከኪሎው የሚረክስበት ሰዓት አለ።

ዳቦ በሚመዝኑበት ጊዜ አንድ ፍሬ ብቻ አይመዝኑ፤ ከአንድ ምድጃ የወጡ ዳቦዎችም ቢሆኑ መጠነኛ ልዩነት አላቸው። 10 ዳቦ በአንድነት መዝነው ለ10 ያካፍሉ። ዳቦ እየቀዘቀዘና እየደረቀ ሲሄድ ውኃው ስለሚተን ክብደቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የዛሬውን ትኩስ ዳቦ ከባለፈው ወር ያደረ ዳቦ ጋር ማነጻጸር ዳቦ ቤቱን ያለ ጥፋቱ መክሰስ ነው። በየጊዜው ከተገዛ በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዝኑ።

እንጀራ ከሁሉም ይልቅ ዓይንን ያታልላል። ክብ ነገር ወርዱ በትንሹ ሲቀነስ ስፋቱ ብዙ ይቀንሳል። ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የነበረ እንጀራ 54 ቢሆን፣ ዓይን የሚያየው ከየጎኑ የጠፋውን 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የእንጀራው ገጽ ግን በ19 በመቶ አንሷል። ዋጋው ሳይጨምር እንኳ እንጀራው 23 በመቶ ያህል ተወድዷል ማለት ነው። ይህም ውፍረቱ እንዳለ ከቆየ ነው። ውፍረቱም ከሳሳ ሜትር አያውቀውምና 5 ወይም 10 እንጀራ በአንድነት መመዘን ይኖርበታል። ሲመዝኑ የእንጀራውን ዓይነት አብረው ይጻፉ፤ የነጭ ጤፍ እንጀራ በቅይጥ ከተተካ ክብደቱ ሳይቀንስ ዕቃው ተለውጧል።

ለዚህ ሥራ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ሚዛኑ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ በሚገባ የታሸገ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ያስቀምጡበት፤ ግማሽ ሊትር ውኃ 500 ግራም ስለሆነ፣ የጠርሙሱ ፕላስቲክ ሲጨመር ንባቡ ከ500 በጥቂት ግራሞች ከፍ ማለት አለበት። ሥጋ ቤትም ሆነ አትክልት ቤት የተመዘነልዎትን ዕቃ ቤት መልሶ መመዘን የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ጉድለቱ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ በሦስት ተከታታይ ግዢ በአንድ አቅጣጫ ካጋደለ ግን ስሕተት አይባልም።

ቁጥሩ ከሚነግርዎ በላይ ይመልከቱ

ሶፍትና ዳይፐር በእሽግ ሳይሆን በፍሬ ይሰላሉ፤ የዳይፐር እሽግ መጠኑ ሳይለወጥ ውስጡ ያለው ብዛት ሊቀንስ ስለሚችል ብሩን ለብዛቱ ያካፍሉ። ዘይት ላይ አንዳንዱ መያዣ በሊትር፣ አንዳንዱ በኪሎ ስለሚጻፍ ከማነጻጸርዎ በፊት ወደ አንድ መለኪያ ይለውጡት። አንድ ሊትር የምግብ ዘይት ወደ 920 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በመሆኑም 5 ኪሎ የተጻፈበት ጀሪካን ከባለ 5 ሊትሩ የበለጠ ዘይት ይዟል። ሳሙና እየደረቀ ክብደቱ ስለሚቀንስ፣ ከሚዛን ይልቅ የተከፈተበትን ቀን መጠቅለያው ላይ ጽፎ ስንት ቀን እንደቆየ መቁጠር የተሻለ ነው።

አንዳንድ አምራቾች ደግሞ ክብደቱን ሳይነኩ ይዘቱን ያሳሳሉ። በእሽግ ምግብ ላይ የሚዘረዘሩ ግብዓቶች በአብዛኛው ከብዙው ወደ ጥቂቱ በቅደም ተከተል ስለሚጻፉ፣ ቀድሞ ፍሬው መጀመሪያ ይጻፍበት የነበረ ጭማቂ ወይም ማርማላታ ዛሬ በስኳር ወይም በውኃ ከጀመረ ለውጡን ያስቀመጡት አሮጌ መጠቅለያ ይመሰክርልዎታል።

አውሮፓ የሚኖሩ አንባቢያን ከዚህ ድካም በከፊል ይድናሉ፤ በዚያ በሱቅ መደርደሪያ ላይ በኪሎ ወይም በሊትር የሚወጣውን ዋጋ ጽፎ ማሳየት የተለመደ ግዴታ ነው። ፈረንሳይ ከዚህም አልፋ፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ትልልቅ መደብሮች መጠኑ አንሶ የኪሎ ዋጋው የጨመረን ዕቃ ለሁለት ወር በማስታወቂያ እንዲገልጹ አዛለች። ቶብለሮን የተባለው ቸኮሌት እ.ኤ.አ. በ2016 በብሪታንያ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ ከ400 ወደ 360 ግራም ሲወርድ ሕዝቡ ቶሎ የነቃው ቅርጹ ስላጋለጠው ነው። እንደ ዱቄትና ፈሳሽ ያሉት ግን ቅርጽ ስለሌላቸው አያጋልጡም።

ወቅትንና ቫትን ያገናዝቡ

የጥር ዋጋን ከፋሲካ ዋዜማ ዋጋ ጋር ማነጻጸር አያዋጣም። በዐቢይ ጾም የእንቁላልና የቅቤ ፈላጊ ይቀንሳል፤ በዓሉ ሲቃረብ ደግሞ ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ ቅቤውና ሽንኩርቱ አብረው ይሰቀላሉ። ስለሆነም የዘንድሮን ፋሲካ ከአምናው ፋሲካ፣ የዘንድሮን ኅዳር ከአምናው ኅዳር ጋር ያነጻጽሩ። አንድ ቦታ የተለጠፈው ዋጋ 15 በመቶ ቫትን የያዘ፣ ሌላው ቦታ ያልያዘ ሊሆን ስለሚችል ደብተሩ ላይ የሚጻፈው በመጨረሻ ከኪስ የወጣው ብር ይሁን።

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣው የዋጋ ግሽበት ቁጥር ከደብተርዎ ጋር ባይገጥም አይደነቁ። ያ ቁጥር የብዙ ዕቃዎችና የብዙ አካባቢዎች አማካይ ሲሆን የእርስዎ ደብተር ግን የአንድ ቤት ነው። ደግሞም ግሽበት ቀነሰ ሲባል ዋጋው የጨመረበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት እንጂ ዋጋው ወረደ ማለት አይደለም።

ከምዝገባው በኋላ

በሦስት ወር አንዴ ደብተሩን ከፍተው በኪሎ የወጣው ዋጋ ከሌሎቹ ተለይቶ የዘለለበትን ዕቃ ይፈልጉ። ዕቃው ተመሳሳይ አማራጭ ካለው መለያ ስሙን ይለውጡ፤ ከሌለውም በሸማቾች ማኅበር ሱቅ ወይም በእሁድ ገበያ ያለውን ዋጋ በዚያው ስሌት ያወዳድሩ። ለመመላለሻ የሚከፈለውን የታክሲ ብር መደመር ግን አይርሱ።

በሕግ በኩል አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። አምራቹ መጠኑን ቀንሶ የቀነሰውን በትክክል ከጻፈ፣ ቢያናድድም አስቦ ማንበብ የሸማቹ ፈንታ ነው። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ግን ነጋዴው ዋጋ መለጠፍና ደረሰኝ መስጠት ይጠበቅበታል፤ የዕቃው ክብደትና መጠንም በመግለጫው ላይ መገለጽ አለበት። ስለዚህ 500 ግራም ተብሎ ተጽፎ 450 የሚመዝን ዕቃ ካጋጠመዎት ጉዳዩ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን እሽግ ከፍተው ከነመያዣውና ያለመያዣው ይመዝኑ፣ ሚዛኑን በፎቶ ያስቀሩ፤ ከዚያም ከዚያው ሱቅ ሁለተኛ እሽግ ገዝተው ሳይከፍቱት ከደረሰኙ ጋር ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይውሰዱት። የተከፈተ እሽግ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው «ቤት አጉድለኸው ይሆናል» ቢባል የሚመልሰው የለውም።