ለክለብ የመኪና ውድድር የራሳችሁን ግብ እንዴት ታወጣላችሁ?

ጳጉሜን ላይ አንድ ልማድ አለኝ። ፒያሳ ማኪያቶ አዝዤ እቀመጥና የውድድር ደብተሬን እገልጣለሁ። አንድ ዓመት የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ዘንድሮ አንደኛ እወጣለሁ» ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ውድድር ሲደርስ ከእኔ የተሻለ ሞተርና አዲስ ጎማ ያለው ልጅ መጣ። ግቤ እዚያው አበቃ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ግቤን ያስቀመጥኩት በሰው እጅ ላይ ነበር።

የክለብ ተወዳዳሪ ሥራ አለው፣ ቤተሰብ አለው። ብዙ ጊዜ እሁድ የሚወዳደርበት መኪና ሰኞ ቢሮ የሚሄድበት ያው መኪና ነው። ስለዚህ ግቡ በራሱ እጅ ያለ ነገር መሆን አለበት። እኔ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው።

1. መነሻችሁን በቁጥር ጻፉ

ኮን በተደረደረበት ዝግ ሜዳ ላይ አምስት ዙር ንዱ። አንድ ጓደኛ በስልኩ ሰዓት ይያዝላችሁ። አምስቱንም ጻፉ፣ ያልወደዳችሁትንም ጭምር። የዕለቱን የጎማ ንፋስ ከጎኑ አስፍሩ። አለበለዚያ በሚቀጥለው ጊዜ የፈጠናችሁት እናንተ ትሁኑ ጎማው አታውቁም።

ዩቲዩብ ላይ ተመሳሳይ መኪና ከሚነዳ ሰው ጋር ግን ራሳችሁን አታወዳድሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሯ በባሕር ወለል ከፍታ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። የጋለ ፍሬንም ቶሎ አይበርድም። ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የሚካሄደው የፎርሙላ ዋን ውድድርም ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የቡድኖቹ ትልቁ ጭንቀት ሞተርና ፍሬን ማቀዝቀዝ ነው። የእናንተ መለኪያ ያለፈው ወር የራሳችሁ ሰዓት ይሁን።

2. ከፈጣኑ ዙር ይልቅ ክፍተቱን እዩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው።

አምስቱ ዙር እንዲህ ሆነ እንበል፦ 48.2፣ 49.9፣ 47.6፣ 51.0፣ 48.4 ሰከንድ። የሁሉም ሰው ዓይን 47.6 ላይ ያርፋል። እኔ የማየው 51.0ን ነው። በምርጡና በመጥፎው ዙር መካከል 3.4 ሰከንድ አለ። አሁን 49.9 እና 51.0 ሁለቱም 48.5 ቢሆኑ ከጠቅላላው 3.9 ሰከንድ ይቀነሳል። ምርጡ ዙር ንቅንቅ አላለም። አንድም ብር ለሞተር አልወጣም።

ቀጥሎ ያ 51.0 ከየት እንደመጣ ፈልጉ። የእኔ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአንድ ኩርባ ነው። ፍሬን ዘግይቼ እይዛለሁ። መሪውን ስጠመዝዝ የፊት ጎማዎቹ ይጮሃሉ፣ የመኪናው አፍንጫ ኮኑን አልፎ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ጎማው መሬት እስኪይዝልኝ መሪውን እንዳጠፍኩ እጠብቃለሁ። ነዳጅ የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው፣ ቀጥታው መንገድ ግን ግማሹ አልቋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬን ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ አብዝቶ መግባት ከምናስበው በላይ ያስከፍላል።

እንግዲህ ግቡ ራሱ ወጣ ማለት ነው፦ «ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፍሬን ሁልጊዜ አንድ ቦታ እይዛለሁ፤ እስከ ጥር ክፍተቱን ከ3.4 ወደ 1.5 ሰከንድ አወርዳለሁ።» ለፍሬኑ ቦታ ዓይናችሁ የሚይዘው ምልክት ምረጡ፣ ድንጋይም ቢሆን። የቆመ ሰው ግን ምልክት አይሆንም፣ ይንቀሳቀሳል።

3. «መጨረስ»ን ግብ አድርጉት

እ.ኤ.አ. በ1984 ኒኪ ላውዳ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የቡድን ጓደኛውን አላን ፕሮስትን በግማሽ ነጥብ በልጦ ነው። በዚያ ዓመት ፕሮስት 7 ውድድር አሸንፏል፣ ላውዳ 5። ሻምፒዮናውን የወሰነው የድል ብዛት ሳይሆን በየውድድሩ የተሰበሰበው ነጥብ ነው። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። የክለብ ተወዳዳሪም በዓመት የሚያገኘው የውድድር ቀን ጥቂት ነው። አንዱን በተቃጠለ ክላች ወይም በፈላ ሞተር ማጣት ያንገበግባል።

4. ለኪሳችሁም ግብ ይኑራችሁ

የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ገብቶ ባዶ እጅ መውጣት ከባድ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የዓመቱን ብር ወስኑና ቅደም ተከተሉን ጻፉ። እኔ የማስቀድመው የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ ጎማ፣ ቀበቶና ሄልሜት ነው። ጭስ ማውጫ የሚያጮሁት ልጆች አይቆጡኝና፣ እሱ መጨረሻ ይምጣ።

5. ከተማ ውስጥ ልስላሴን ተለማመዱ

ይህን ከልቤ ነው የምለው፤ ሌሊት መስቀል አደባባይ ባዶ ቢመስልም የውድድር ሜዳ አይደለም። የሌሊት ሥራ ጨርሶ የሚሻገር ሰው አለ። ፍጥነት ለዝግ ሜዳ ነው።

መንገድ ላይ የሚለመደው ለስላሳ እጅና እግር ነው። ግማሽ ውሃ ያለው ሃይላንድ ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ወለሉ ላይ አቁሙ። ከማዘጋጃ ቤት ተነስታችሁ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ለገሃር ውረዱ፣ እንደ ማንኛውም ሰው በሕጉ ፍጥነት። ሃይላንዱ ሳይወድቅ ለመድረስ ሞክሩ። መብራት ላይ ፍሬኑን ቀስ ብሎ መጫን ብቻ አይበቃም፤ መኪናው ሊቆም ሲል ትንሽ መልቀቅም አለ። ሃይላንዱን የሚጥለው ያቺ የመጨረሻዋ መንገጫገጭ ናት። ይህን የለመደ እግር ኩርባ ላይ የፊት ጎማውን አያስጮህም።

6. ሄልሜቱን ሳታስቀምጡ ጻፉ

ከመኪናው እንደወረዳችሁ ሦስት መስመር ይበቃል፦ የቱ ኩርባ ሠራ፣ የቱ አልሠራ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የትኛውን አንድ ነገር ልቀይር። ማታ እጽፈዋለሁ ካላችሁ ሻይ ላይ የተወራው ወሬ ይቀላቀልበታል።

ጥር ላይ ደብተሩን ገልጣችሁ ክፍተቱን እንደገና አስሉ። 1.5 ሰከንድ ከገባ ወደሚቀጥለው ኩርባ እለፉ። ካልገባ ቁጥሩን ተዉትና የፍሬን ምልክታችሁን አንድ የመኪና ርዝመት ወደኋላ መልሱ፣ ከዚያ ሌላ አምስት ዙር ንዱ።