ወጣት ጠበቆች ክስና መልስ ሲጽፉ የሚፈጽሟቸው ስህተቶች

በአንዲት የወረዳ ከተማ በጥብቅና እየሠራሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለሕግ ተማሪዎች የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት እያስተማርኩ ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ቅዳሜ በሰሌዳ ላይ ያረምኩትን ስህተት ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት በር ላይ፣ የጠበቃ ማኅተም ተመትቶበት አገኘዋለሁ። ወጣት ባልደረቦቼ የሚጨነቁት በችሎት ስለሚናገሩት ነው፤ ብዙው ጉዳይ የሚበላሸው ግን ዳኛው ፊት ከመቆማቸው በፊት፣ በወረቀት ላይ ነው።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰው ስህተት ደንበኛው የተናገረውን ቃል እንዳለ ወደ ክሱ ማዛወር ነው። በእኛ ከተማ ቤት የገዛ ሰው «ቦታ ገዛሁ» ይላል፤ ይህ የአገሬው አነጋገር ስለሆነ ማንንም አያሳስትም። ጠበቃው ይህንኑ ተቀብሎ «ተከሳሽ 200 ካሬ ሜትር ቦታ ሸጦልኝ ሊያስረክበኝ ፈቃደኛ አልሆነም» ብሎ ሲጽፍ ግን በገዛ ብዕሩ የደንበኛውን መብት ቀብሮታል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ሊሸጥ የሚችለው በመሬቱ ላይ ያለው ቤት ነው። ተከሳሹ ከዚህ በኋላ ረጅም መልስ መጻፍ አያስፈልገውም፤ «ከሳሽ ራሱ እንዳመነው ውሉ የመሬት ሽያጭ በመሆኑ ፈራሽ ነው» ቢል ይበቃዋል። አንድ ወጣት ጠበቃ ክሱ ውድቅ ከሆነበት በኋላ መዝገቡን ይዞልኝ መጣ። ከክሱ ጋር የተያያዘውን ውል ገልጬ ሳነበው በሦስተኛው መስመር ላይ «ቆርቆሮ ክዳን የሆነውን ባለ 2 ክፍል የጭቃ ቤት» የሚል ቃል ሰፍሮአል። የተሸጠው ቤት መሆኑን የውሉ ጸሐፊ አውቆታል፤ የሕግ ዲግሪ ያለው ጠበቃ ግን ውሉን ሳያነብ ደንበኛውን ብቻ ሰምቶ ነበር የጻፈው። ቃል ማረምና ፍሬ ነገር መለወጥ ለየቅል መሆናቸውን ግን ላስታውስ እወዳለሁ፤ ደንበኛው የገዛው በእርግጥ ባዶ መሬት ከሆነ በጠበቃ ብዕር ቤት አይሠራለትም።

በዚያው ክስ ውስጥ የሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም በመጨረሻ ውሳኔ ላይ የተፈጸመን የሕግ ስህተት የሚያርመው ችሎት፣ መዝገብ ቁጥር በደማቁ ተጽፎ ነበር። ውሳኔውን አንብቦት እንደሆነ ብጠይቀው ቁጥሩን ከሌላ ጠበቃ መልስ ላይ እንዳገኘው ነገረኝ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 አስገዳጅ ከተደረገ ወዲህ ቁጥር መደርደር እንደ ሙግት መቆጠር ጀምሮአል። ትርጉሙ የተሰጠበትን ክርክር ፍሬ ነገር ሳያዩ ቁጥሩን መጥቀስ ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ተቃራኒውን ወገን ነው።

የድሮ ክስ ላይ ስም ቀይሮ ማተምም አለ። ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት የፍቺ አቤቱታ ላይ የሦስት ልጆች ቀለብ ተጠይቆ አይቻለሁ።

ቀጥሎ የማነሣው የራሴን ጥፋት ነው። ፈቃድ ባወጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ጠጅ ነጋዴ እናት፣ የመክፈያ ጊዜው ካለፈ 12 ዓመት በሆነው ብድር ተከሰው ወደ እኔ መጡ። ገንዘቡን መልሰው እንደነበር ለማስረዳት ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 የሚደነግገውን የ10 ዓመት ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ በኋላ ዕዳውን በክስ መጠየቅ የማይቻልበትን የጊዜ ገደብ፣ ግን አላነሣሁም። በክስ መስማት ቀን ትዝ ሲለኝ ተነሥቼ አመለከትኩ። ዳኛው መልሴን ወደ እኔ አዙረው «የት ላይ ነው ያነሡት?» አሉኝ። ይርጋን ፍርድ ቤት በራሱ አነሣሽነት እንደማያነሣው ቁጥር 1856 ይናገራል፤ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት፣ ማለትም ወደ ዋናው ጉዳይ ከመገባቱ በፊት በሚነሣ መቃወሚያነት፣ በጊዜው ያላቀረበውም እንደተወው እንደሚቆጠር በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 ላይ ተጽፎአል። ሁለቱንም ለፈተና በቃሌ ይዣቸው ነበር። እኚያ እናት ዕዳውን ለሁለተኛ ጊዜ ከፈሉ፤ ለእኔ ግን ቃል አልተናገሩኝም፤ እንዲያውም በመንገድ ሲያገኙኝ ጤናዬን ይጠይቁኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማናቸውንም መልስ ስጀምር፣ ስለ ዋናው ጉዳይ አንድ ቃል ከመጻፌ በፊት፣ የቁጥር 244ን የመቃወሚያዎች ዝርዝር አንድ በአንድ አያለሁ።

በምስክር ዝርዝር ላይ የምስክሩን ሙሉ ስም፣ አድራሻና የሚያስረዳውን ነገር መጻፍ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 223 የታዘዘ ነው። በትንሽ ከተማ ሁሉም ስለሚተዋወቅ ምስክሩ በሰፈሩ የሚጠራበትን ስም ብቻ ጽፎ ማለፍ ይዘወተራል፤ መጥሪያውም ለሌላ ሰው ይደርሳል።

ይግባኝ ከፍርዱ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ እንዳለበት የማያውቅ ጠበቃ አላጋጠመኝም፤ ቀኑን የሚያሳልፍ ግን በየዓመቱ ያጋጥመኛል። ምክንያቱ ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፤ ደንበኛው የጥብቅና አበል እስኪያመጣ፣ የፍርዱ ግልባጭ እስኪወጣ፣ ሽማግሌዎች እስኪያስታርቁ ይጠበቃል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ይግባኙን ዘግይቶ ለማቅረብ በሚጻፍ የማስፈቀጃ አቤቱታ ላይ «መዘግየቱ የተፈጠረው በጠበቃው ስህተት ነው» ብሎ መጻፍ ደግሞ ጥፋቱን ያከፋዋል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 326 ንዑስ ቁጥር 2 የጠበቃ ወይም የወኪል ጥፋት በቂ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይደነግጋልና። ሽምግልና ከተጀመረም ይግባኙን አስመዝግቦ መሸምገል ይቻላል፤ ዕርቁ ሲሰምር ስምምነቱ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይቀርባል። እኔ ፍርድ በተነገረበት ቀን፣ ከችሎት ሳልርቅ፣ 45ኛውን ቀን ቆጥሬ በፋይሉ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ ቀሪው 15 ቀን ለመብራት መጥፋት፣ ለፎቶ ኮፒ መበላሸትና ለመንገድ ነው።