ስንጥቅ ነው ወይስ ሙቀት? የአውሮፕላን አካል ላይ የሐሰት ማንቂያ ሲበዛ

የአውሮፕላን ስንጥቅን በሴንሰር መፈለግ ሲነገር ቀላል ነው። ቀጭን የአውሮፕላን አካል ላይ ፓይዞ ሴንሰሮች (ኤሌክትሪክን ወደ ንዝረት፣ ንዝረትንም ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩ) ይለጠፋሉ። አንዱ አልትራሳውንድ ይልካል፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ፤ ከላኪው ወደ አዳማጩ ያለው መንገድ መስመር ይባላል። የሚጓዘው ላምብ የሚባለው ሞገድ ነው፤ ሂሳቡን እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጣው እንግሊዛዊው ሆራስ ላምብ ነበር። አካሉ ጤነኛ ሳለ የተቀዳው ሲግናል ቤዝላይን ይባላል። ከዛሬው ሲግናል ላይ ይቀነሳል። ትርፉ ትንሽ ከሆነ ሰላም ነው፣ ትልቅ ከሆነ ማንቂያው ይጮሃል።

ችግሩ፣ ፀሐይ ስትወጣም ይጮሃል።

ምልክት፦ ሁሉም የሴንሰር መስመሮች አንድ ላይ ተለወጡ

ይህ ስንጥቅ አይደለም ብላችሁ ጀምሩ። ስንጥቅ በአጠገቡ የሚያልፉትን መስመሮች ብቻ ነው የሚነካው።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ብረቱ ሲሞቅ በመርዘሙ ላይ ያላክካል። አሉሚኒየም በእርግጥ ይረዝማል፣ ግን በአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን 23 እጅ ብቻ። ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፦ ሲሞቅ ግትርነቱ ይቀንሳል፣ ሞገዱም ይዘገያል። የዚህኛው ውጤት ከመርዘሙ አሥር እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

በቁጥር እንየው። ቀጭን ሰሌዳ ላይ 200 ኪሎ ኸርዝ የሆነ ኤስ-ዜሮ ሞገድ (ሰሌዳውን በጉዞው አቅጣጫ እየጨመቀና እየለጠጠ የሚሄደው የላምብ ዓይነት) በሰከንድ 5,400 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አንድ ሜትር ለማቋረጥ 185 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። ሰሌዳው 10 ዲግሪ ከሞቀ ግማሽ ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ኢምንት ይመስላል አይደል? የሞገዱ አንድ ዙር ግን 5 ማይክሮ ሰከንድ ነው። አንድ አሥረኛ ዙር ተንሸራተተ ማለት ነው። ሁለቱ ሲቀናነሱ የሚተርፈው ከዋናው ሲግናል 60 በመቶ ይደርሳል። የትንሽ ስንጥቅ ምልክት እዚህ ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል።

ማረጋገጫው፦ መዘግየቱ ከርቀቱ ጋር አብሮ የሚያድግ ከሆነ ሙቀት ነው። መፍትሄው ቤዝላይኑን በጊዜ መስመሩ ላይ ጥቂት መለጠጥ ወይም ማሳጠር ነው፣ ከዛሬው ሲግናል ጋር በደንብ እስኪገጥም። ይህ ግን ለትንሽ የሙቀት ልዩነት ብቻ ይሠራል፤ ሲግናሉ ሲለጠጥ ፍሪኩዌንሲውም አብሮ ይዛባልና። ስለዚህ በተለያየ ሙቀት የተቀዱ ብዙ ቤዝላይኖች ያስፈልጋሉ። መጀመሪያ ቅርቡ ይመረጣል፣ የቀረችው ልዩነት ትለጠጣለች። ቀረጻው አሰልቺ ነው፤ በእኔ እይታ ግን የሚቆጠብበት ቦታ አይደለም።

ምልክት፦ ለጠጥኩት፣ አልገጠመም

ሙቀቱ እኩል ላይሆን ይችላል። የክንፉ ላይኛው ገጽ ፀሐይ ይመታዋል፣ ከሥር ደግሞ ከከፍታ የወረደ ቀዝቃዛ ነዳጅ አለ። አንድ ቴርሞሜትር ይህን አይነግራችሁም። ለእያንዳንዱ መስመር የራሱን የመለጠጥ መጠን ስጡት። ከተቻለም ለሊት ወይም ሃንጋር ውስጥ ለኩ።

ሞገዶቹም ለሙቀት እኩል አይደሉም። ኤስ-ዜሮና ኤ-ዜሮ (ሰሌዳውን ወደ ላይና ወደ ታች እያጎበጠ የሚሄደው ዓይነት) የሚዘገዩበት መጠን ይለያያል። ከማጠናከሪያዎችና ከጠርዝ የሚመለሱ ማሚቶዎች ሲደራረቡ አንድ መለጠጫ ሁሉንም አያስማማም። መጀመሪያ የደረሰውን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ አወዳድሩ።

ካርቦን ፋይበር ላይ ደግሞ አቅጣጫም ይጨመራል። በክሮቹ አቅጣጫ ሙቀት ብዙም አይታይም፤ ክሮቹን የሚያያይዘው ሙጫ (ሬዚን) ጭነቱን በሚሸከምበት አቅጣጫ ግን ይታያል። ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚያበረው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከዚህ ዓይነት ቁስ የተሠራ ነው።

ምልክት፦ የአንድ ሴንሰር መስመሮች ብቻ ታመሙ

ሴንሰሩን ወይም ማጣበቂያውን ጠርጥሩ። ኢፖክሲ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ጉልበት ማስተላለፉም ይለወጣል። የሴንሰሩን ካፓሲታንስ (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ አቅሙን) ለኩ። ከተሰበረ ይቀንሳል፣ ከተላቀቀ ይጨምራል። ጉዱ፣ ሙቀትም ካፓሲታንስን ይጨምራል። ስለዚህ ከትናንቱ ጋር ሳይሆን በዚያው ሰዓት ከጎረቤቶቹ ጋር አነጻጽሩት።

ምልክት፦ ኤ-ዜሮ ብቻ ደከመ

ውሃ፣ ውርጭ ወይም ታንኩ ውስጥ ያለ ነዳጅ ጉልበቱን እየጠጣው ሊሆን ይችላል። አድርቁና ድገሙ፤ የነዳጁንም መጠን መዝግቡ።

ምልክት፦ ምንም ማንቂያ የለም

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሰጋኝ ይሄ ነው። ሲስተሙ አዳዲስ ቤዝላይኖችን ራሱ እየጨመረ ከሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚያድገውን ስንጥቅ እንደ ጤነኛ ሊቀበለው ይችላል። የቤዝላይኑን ስብስብ ቆልፉት፤ አዲስ የሚገባው ክፍሉ በሌላ ዘዴ ተመርምሮ ጤነኝነቱ ሲረጋገጥ ብቻ ይሁን። ከዚያ እንደ ስንጥቅ ሞገዱን የሚያውክ ትንሽ ክብደት ገጹ ላይ ለጥፋችሁ በብርድም በሙቀትም ሞክሩ። ሲስተሙ በ20 ዲግሪ አይቶት በ45 ዲግሪ ካለፈው፣ ማንቂያ የሚነሳበትን ወሰን ለየሙቀቱ ለብቻ አውጡ።