አዛውንት የበዛበት ሕዝብ ካንሰር የበዛበት ይመስላል፦ የምጣኔ ንጽጽር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የሁለት ሕዝቦችን የካንሰር ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ውጤቱ ግራ ካጋባችሁ፣ ከታች ካሉት ምልክቶች የእናንተን ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ። በቅደም ተከተል ማንበብ ግዴታ አይደለም። የመጀመሪያውን ግን አትዝለሉት፤ ሌሎቹ የሚቆሙት እሱ ላይ ነው።

ምልክት፦ አንዱ ሕዝብ ከሌላው በእጥፍ የሚበልጥ ካንሰር ያለበት ይመስላል

አየሩን፣ ምግቡን ወይም ፋብሪካውን ከመክሰሳችሁ በፊት ዕድሜን ጠርጥሩ። አብዛኛው ካንሰር የሚመጣው በሴሎች ውስጥ ለብዙ ዓመታት ከተጠራቀመ ጉዳት ነው። ስለዚህ ዕድሜ ሲገፋ የመያዝ ዕድሉ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ጥሬው ምጣኔ ይህን አያውቅም። አዳዲስ ታማሚዎችን ቆጥሮ ለጠቅላላው ሕዝብ ያካፍላል፣ በ100,000 ያባዛል፣ በቃ።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ለማሳያ ያህል እኔው ነኝ ያወጣኋቸው። በሁለት ሕዝቦች ውስጥ የካንሰር አደጋ ፍጹም እኩል ነው እንበል። ከ100,000 ሰው በዓመት የሚታመመው፣ ከ40 ዓመት በታች 20፣ ከ40 እስከ 64 ዓመት 300፣ ከ65 ዓመት ጀምሮ ደግሞ 1,500 ነው። ሕዝብ «ሀ» ወጣት ነው፤ ሦስቱ የዕድሜ ክልሎች 70፣ 24 እና 6 በመቶ ድርሻ አላቸው። ሕዝብ «ለ» ያረጀ ነው፤ 45፣ 33 እና 22 በመቶ። ጥሬው ምጣኔ ሲሰላ «ሀ» 176፣ «ለ» 438 ይሆናል። አደጋው እኩል ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ደረሰ!

መፍትሄው ሁለቱንም በአንድ የዕድሜ ስብጥር ማስላት ነው። ይህ ስብጥር «መደበኛ ሕዝብ» ይባላል። የእያንዳንዱን የዕድሜ ክልል ምጣኔ ለብቻው አውጡ። በመደበኛው ሕዝብ ውስጥ ያ ክልል ባለው ድርሻ አባዙት። ከዚያ ሁሉንም ደምሩ። በዕድሜ ማስተካከል የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት የዓለም መደበኛ ሕዝብ ለሦስቱ ክልሎቻችን 68፣ 25 እና 7 በመቶ ይሰጣል። 13.6 ሲደመር 75 ሲደመር 105፣ በድምሩ 194 ገደማ። ለሁለቱም ያው 194። ልዩነቱ ጠፋ፣ ምክንያቱም መጀመሪያውንም አልነበረም።

በተግባር ግን ሦስት ክልል አይበቃም። የተለመደው በአምስት አምስት ዓመት የተከፈለ 18 ክልል ነው። ወንዶችንና ሴቶችንም ለየብቻ አስሉ።

የባሰው ደግሞ በተቃራኒው የሚመጣው ነው። የ«ሀ» ሕዝብ ምጣኔ በሁሉም ዕድሜ 30 በመቶ ከፍ ያለ ቢሆንስ? ጥሬው ምጣኔ 229 ብቻ ይደርሳል፤ ከ438 በጣም ያንሳል። በዕድሜ ሲስተካከል ግን «ሀ» 252፣ «ለ» 194 ነው። ወጣት ሕዝብ ያለበት ቦታ «እኛ ጋ ካንሰር ብዙም የለም» ብሎ የሚዘናጋው እንዲህ ነው። በበኩሌ ከተጋነነው ቁጥር ይልቅ ይሄኛው ስህተት ያስፈራኛል። የተጋነነ ቁጥር ቢያንስ ጥያቄ ያስነሳል፤ ትንሽ ቁጥር ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ምልክት፦ ስለ አንድ ቦታ የወጡ ሁለት ሪፖርቶች፣ ሁለቱም «በዕድሜ የተስተካከለ» ብለው፣ በጣም የተራራቀ ቁጥር ይሰጣሉ

ወዲያው «አንዱ ተሳስቷል» አትበሉ። የተጠቀሙበት መደበኛ ሕዝብ የተለያየ ሊሆን ይችላል።

ከላይ የጠቀስኩት የዓለም መደበኛ ሕዝብ የጃፓናዊው ሚትሱኦ ሴጊ ሥራ ነው። በ1960 አቀረበው፣ በ1966 እንግሊዛዊው የበሽታ ስርጭት ተመራማሪ ሪቻርድ ዶልና ባልደረቦቹ አሻሻሉት። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እስካሁን ይጠቀምበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ2000 እስከ 2025 ያለውን ጊዜ ታሳቢ ያደረገ የራሱን አዘጋጅቷል። አሜሪካ የራሷን የ2000 ዓ.ም. ሕዝብ ትጠቀማለች። አውሮፓ በ1976 የወጣ ነበራት፣ በ2013 ቀየረችው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅያሬው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ድርሻ በሴጊ ስብጥር 7 በመቶ ነው። በ1976ቱ የአውሮፓ 11፣ በ2013ቱ 19.5 በመቶ ነው። የማሳያችንን 20፣ 300 እና 1,500 በ2013ቱ የአውሮፓ ስብጥር ብናሰላው 194 የነበረው 402 ይሆናል። አንድም ተጨማሪ ሰው አልታመመም። አንዱን በሜትር ሌላውን በክንድ ለክቶ ማወዳደር ማለት ይሄ ነው።

መፍትሄው፦ ከሠንጠረዡ ሥር ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ አንብቡ። የመደበኛው ሕዝብ ስም እዚያ ካልተጻፈ ቁጥሩን ለንጽጽር አትጠቀሙበት። የየዕድሜ ክልሉ ምጣኔ ከታተመ ራሳችሁ በአንድ መደበኛ ሕዝብ እንደገና አስሉት፤ በኤክሴል የደቂቃዎች ሥራ ነው። የድርሻዎቹ ድምር ልክ 100 በመቶ መምጣቱን አረጋግጡ። የብዙ ዓመት ግራፍ ከሆነ መደበኛው ሕዝብ መሃል ላይ ተቀይሮ እንደሆነ እዩ። ከተቀየረ የድሮዎቹ ዓመታትም በአዲሱ መሰላት አለባቸው።

ምልክት፦ መደበኛውን ሕዝብ ስትቀይሩ አንደኛና ሁለተኛ የነበሩት ቦታ ይለዋወጣሉ

ይሄ የሒሳብ ብልሽት አይደለም። ሁለቱ ሕዝቦች በአንዱ ዕድሜ አንዱ፣ በሌላው ዕድሜ ሌላው ይበልጣል ማለት ነው። በአሜሪካ የጡት ካንሰር ላይ ለረጅም ጊዜ ሲታይ የኖረ ነገር ነው። በወጣትነት ዕድሜ የጥቁር ሴቶች ምጣኔ ከነጭ ሴቶች ከፍ ይላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ይገለበጣል። ይህን ወደ አንድ ቁጥር ስትጨፈልቁት ዋናው ወሬ ይጠፋል። እንዲህ ሲያጋጥም አንዱን አሸናፊ ለማድረግ አትድከሙ። የየዕድሜውን ምጣኔ በመስመር ግራፍ ሳሉና መስመሮቹ የሚቋረጡበትን ዕድሜ አሳዩ። እንዲያውም ግራፉን ሁሌም መጀመሪያ ላይ ብትሠሩት ብዙ ጣጣ ይቀርላችኋል።

ምልክት፦ የአንዲት ትንሽ ወረዳ ምጣኔ ዘንድሮ ሰማይ ይነካል፣ በዓመቱ ይወድቃል

የታማሚዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው። በአንድ የዕድሜ ክልል ውስጥ ያሉት ሰዎች ጥቂት ከሆኑ፣ አንድ ታማሚ ብቻውን የዚያን ክልል ምጣኔ ያስወነጭፈዋል። የአምስት ዓመት መረጃ አንድ ላይ ደምሩ፣ ከምጣኔው ጋርም የእርግጠኝነት ክልሉን (እውነተኛው ምጣኔ ከስንት እስከ ስንት ሊሆን እንደሚችል) አብራችሁ አውጡ። ያም ካልበቃ መንገዱን ገልብጡት። የትልቁን ሕዝብ የየዕድሜ ምጣኔ ወረዳዋ ላይ አድርጉና «ስንት ታማሚ ይጠበቅ ነበር?» ብላችሁ አስሉ። በትክክል የተገኘውን ለተጠበቀው አካፍሉ። 1 ከመጣ እኩል ነው፣ 1.5 ከመጣ በግማሽ ይበልጣል። በዚህ መንገድ የተገኙ የሁለት ወረዳዎችን ውጤቶች ግን እርስ በርስ አታወዳድሩ። እያንዳንዱ በራሱ የዕድሜ ስብጥር የተሰላ ስለሆነ የሚወዳደረው ከትልቁ ሕዝብ ጋር ብቻ ነው።

ምልክት፦ የተስተካከለው ምጣኔ ሆስፒታል ከሚመጣው ሰው ቁጥር ጋር አይገጥምም

መግጠም የለበትም። የተስተካከለው ምጣኔ የሌለ ሕዝብ ምጣኔ ነው፤ ከንጽጽር ውጭ ጥቅም የለውም። ስንት አልጋ፣ ስንት ሐኪም፣ ስንት የጨረር ማሽን ያስፈልጋል ለሚለው ጥያቄ ጥሬውን ቁጥር ተጠቀሙ።

ምልክት፦ ሁሉም በትክክል ተስተካክሎ ልዩነቱ አሁንም አለ

አሁን ሌሎች ምክንያቶችን መፈለግ ይቻላል፤ ማጨስ፣ ኢንፌክሽን፣ የሥራ ቦታ አደጋ። ግን ከእነሱም በፊት የምርመራውን ብዛት ተመልከቱ። በደቡብ ኮሪያ የታይሮይድ (አንገት ውስጥ ያለ ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) ካንሰር ምጣኔ በ2011 ከ1993ቱ 15 እጥፍ ገደማ ደርሶ ነበር። በበሽታው የሚሞተው ሰው ግን አልጨመረም። የጨመረው በአልትራሳውንድ የሚታየው አንገት ነበር። ይህን የዕድሜ ማስተካከያ አያርመውም። ስለዚህ የሞት ምጣኔውንም ጎን ለጎን አስቀምጡ። የሞቱ መስመር ዝም ብሎ የመያዙ ብቻ ከጋለበ ጥርጣሬው ወደ ምርመራው ይሂድ።

ምዝገባውንም ፈትሹ። ዕድሜያቸው ያልተመዘገበ ታማሚዎች ወደ የትኛውም ክልል ስለማይገቡ ከስሌቱ ሹልክ ብለው ይወጣሉ፣ ምጣኔውም ያለአግባብ ያንሳል። ከ1,000 ታማሚዎች የ50ው ዕድሜ ካልታወቀ፣ የመጨረሻውን ምጣኔ በ1,000 አባዝታችሁ ለ950 አካፍሉ። ይህ የሚሠራው ያልታወቁት ጥቂት ሲሆኑ ነው። ሩቡ ወይም ሲሶው ዕድሜ ከሌለው ንጽጽሩን ተዉትና መዝገቡን ወደማስተካከል ሂዱ።