የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ደንብ ሚዛኑን እንዴት መፈተሽ ይቻላል

በሚና ጨዋታ አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፣ አጠራጣሪውን ነገር ዳይስ ይወስናል። አዲስ ደንብ የጻፈ ሰው ብዙ ጊዜ ቶሎ ብሎ ጓደኞቹን ይሰበስባል። ከስሕተቱ አብዛኛው ግን ሰው ሳይጠራ በእርሳስና በወረቀት ይያዛል። ሚዛን ስንል ሁሉም እኩል ይመታል ማለታችን አይደለም። ተራው ቢዘለል ለውጥ የማያመጣ ተጫዋች እንዳይኖር፣ ሁሉም አንዱን መሣሪያ ብቻ እንዳይመርጥ ማለታችን ነው።

መጀመሪያ ስሌቱ

በባለ 20 ጎን ዳይስ ላይ በወጣው ቁጥር ላይ የሚታከል እያንዳንዱ የ1 ነጥብ ጭማሪ 5 በመቶ ዕድል ያመጣል። ሁለት ባለ 6 ጎን ዳይስ ሲደመሩ (የሉዶው ዳይስ ይበቃል) ነገሩ ይለያል። ለመምታት 8 ወይም ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ዕድሉ 42 በመቶ ገደማ ነው። 1 ሲጨመር 58፣ 2 ሲጨመር 72፣ 3 ሲጨመር 83፣ 4 ሲጨመር 92 ይሆናል። የመጀመሪያው ጭማሪ ወደ 17 የመቶኛ ነጥብ ይሰጣል፣ አራተኛው 8 ብቻ። ሁሉንም ጭማሪ በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ደንብ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ቀጥሎ የመምታት ዕድሉን በአማካይ ጉዳቱ (ምቱ ከጠላት ሕይወት በሚቀንሰው ነጥብ) ያባዙ። ሰይፍ ለመምታት 1 ጭማሪ አለው እንበል፤ ጉዳቱ አንድ ዳይስና 2 ነው፣ አማካዩ 5.5። መጥረቢያ ጭማሪ የለውም፤ ጉዳቱ ሁለት ዳይስ ነው፣ አማካዩ 7። ሰይፉ በተራ 3.2፣ መጥረቢያው 2.9 ይወጣል። ለሁለቱም 2 የመምታት ነጥብ ሲጨመርላቸው ግን ሰይፉ 4.6፣ መጥረቢያው 5.1 ይሆናል፤ ብልጫው ተገለበጠ። ስለዚህ ስሌቱን በጀማሪ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ደረጃ ለየብቻ ይሥሩ። በጀማሪ ደረጃ ብቻ የተፈተሸ ደንብ ከፍ ባለው ደረጃ ላይ ሊበላሽ ይችላል። ጠላቱ የቀረው ሕይወት 3 ከሆነ የ7 ጉዳት ትርፉ እንደሚባክንም አይርሱ፤ ደካማ ጠላቶች በሚበዙበት ጨዋታ ከባድ መሣሪያ ወረቀት ላይ ከሚታየው ያነሰ ነው።

ለብቻ መዋጋት

አራት ገጸ ባሕርያት ያዘጋጁ፣ ሁሉንም ወገን ራስዎ ያንቀሳቅሱ። ከመጀመርዎ በፊት ውጊያው ስንት ዙር እንደሚፈጅ ይገምቱና ይጻፉ፦ የጠላት ሕይወት 40፣ የአራቱ አማካይ ጉዳት በዙር 12 ከሆነ አራት ዙር ይበቃል። ሰባት ከፈጀ ያልተሰላ ነገር አለ ማለት ነው፤ ምናልባት ፈዋሹ፣ ምናልባት የጠላቱ ጋሻ።

አንድ ግዙፍ ጠላት አራት ሰው ሲገጥመው በዙር አንድ ተራ ብቻ አለው፣ እነሱ አራት። ሕይወቱን በእጥፍ ማሳደግ ውጊያውን ከማክበድ ይልቅ በብዛት ያረዝመዋል። መፍትሔው በዙር ሁለት ወይም ሦስት ድርጊት መፍቀድ ነው።

ያንኑ ውጊያ ቢያንስ 20 ጊዜ ይድገሙት። ሳንቲም አሥር ጊዜ ቢወረወር ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ዘውድ የሚወጣበት ዕድል 38 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከአሥር ውጊያ ስድስቱን ማሸነፍ ምንም አያረጋግጥም። በዳይስ ዕድለ ቢስነት ተናዶ ደንብ መቀየር በዚህ ሥራ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

ከሰው ጋር

ከሦስት እስከ አምስት ተጫዋችና አንድ ጨዋታ መሪ ይጥሩ። ከመካከላቸው አንዱ የደንብ ቀዳዳ ማነፍነፍ የሚወድ ይሁን፤ ሌላው ቀርቶ ጠባዩ ቢያስቸግርም እሱን አይተዉት። ጨዋታ መሪው ዳይሱን ሁሉም እያየው ይጣል። ተጫዋቾቹን ለማዳን ቁጥር የሚያሳንስ መሪ የሚፈትሸው የራሱን ደግነት እንጂ ደንቡን አይደለም።

አንድ ሰው ሳይጫወት ይመዝግብ፦ ዙሩን፣ የተጠቀሙበትን ችሎታ፣ ጉዳቱን፣ የቀረውን ሕይወት፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ተራው እስኪደርስ የጠበቀውን ደቂቃ። ሦስት ወይም አራት ውጊያ ያለ ዕረፍት በተከታታይ ያጫውቱ። በቀን አንዴ ብቻ የሚሠራ ኃይለኛ ድግምት ያለው ገጸ ባሕርይ ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላ ካረፈ ሌሎቹን ይውጣቸዋል፣ አራተኛው ውጊያ ላይ ባዶ እጁን ከደረሰ ግን እኩል ይሆናል። ይህ በአንድ ውጊያ ፈጽሞ አይታይም።

ሲጨርሱ «ወደዳችሁት?» ብለው አይጠይቁ፤ ወዳጅ ወደድኩት ይላል። ይልቅ የትኛውን ችሎታ ጨርሶ እንዳልነኩ፣ ምርጫ ያጡት መቼ እንደሆነ ይጠይቁ። ያልተነካ ችሎታ ሁልጊዜ ደካማ አይደለም። ተጫዋቹ ትዝ ካላለው ወይም ካልገባው የሚስተካከለው ጽሑፉ ነው፣ ቁጥሩ ሳይነካ።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፣ ለውጡን ከነቀኑ ይጻፉ፣ ከዚያ ያንኑ ውጊያ ይድገሙ። ሁለት ነገር አብሮ ከተቀየረ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ሥራው ጊዜ ይወስዳል፤ የታዋቂው የሚና ጨዋታ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም በግንቦት 2012 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ ፍተሻ ተከፍቶ የወጣው በ2014 ነበር።

በመጨረሻ ደንቡን ለማያውቅዎት ቡድን ይስጡና ከክፍሉ ይውጡ፣ ወይም ዝም ብለው ይቀመጡ። ጨዋታውን አቁመው መጽሐፉን የገለጡበትን ገጽ ሁሉ ምልክት እንዲያደርጉ ይንገሯቸው። ሁለት የተለያዩ ቡድኖች አንዱ ገጽ ላይ ከቆሙ ያንን አንቀጽ እንደገና ይጻፉት።